ዩራኒየም ሳይቆፈር በፓምፕ ይወጣል የሚባለው ነገር

ለምን_ባይ፦
ሰላም ለቤቱ። እኛ ሰፈር ቡና ላይ የኑክሌር ወሬ አላስቀምጥ ብሏል። ጳጉሜን 2017 ህዳሴ ሲመረቅ ነገሩ ተነሳ፣ መስከረም 2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ሰነድ ሲፈረም ባሰበት። አሁን ሁሉም ባለሙያ ነው። ትናንት አንድ ጎረቤታችን ስኒውን አስቀመጠና፣ «ለመሆኑ የዓለም ዩራኒየም ከግማሽ በላዩ እንደማይቆፈር ታውቃላችሁ? ጉድጓድ ውስጥ መድኃኒት ጨምረው እንደ ውሃ በፓምፕ ነው የሚስቡት» አለ። ሳቅንበት። እኔማ «ዩራኒየም በጀሪካን ይሸጣል በለና» አልኩት። ቤት ገብቼ ሳነብ ሰውየው ልክ ሆኖ አረፈው።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ድንጋይ ውስጥ ያለ ብረት እንዴት በውሃ ይወጣል? ደግሞ የጨመሩት መድኃኒት በኋላ የት ይሄዳል?

አወያይ፦
ርዕሱ ጥሩ ነው። ፖለቲካውን ለሌላ ክር ተዉት። የውጭ አገር ዓመት ስትጽፉ እ.ኤ.አ. መሆኑን እንረዳለን፣ በየመስመሩ መጻፍ አያስፈልግም።

ሪግ_በላይ፦
ጎረቤትህን ይቅርታ ጠይቀው። እኔ 22 ዓመት የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ። ዩራኒየም በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የዚህ ሥራ ግማሹ ግን የኛው ሥራ ነው። ሪግ (መቆፈሪያው ማሽን) ነው፣ ኬዚንግ (ጉድጓዱን የሚያለብሱት ቱቦ) ነው፣ ስክሪን (ውሃ የሚያስገባው ወንፊት ቱቦ) ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ነው።

መሬቱን እንደ ሳንድዊች አስበው። መሃሉ ውሃ የጠገበ አሸዋ ድንጋይ፣ ከላይም ከታችም ሸክላ። ሸክላው ውሃ አያሳልፍም። ዩራኒየሙ መሃል ባለው አሸዋ ቅንጣቶች ላይ ተለጥፎ ነው ያለው። በጣም ጥቂት ነው፤ አንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ካለ ካዛክስታን ውስጥ ደህና ክምችት ይባላል። ይህን በዶማ ላውጣው ብትል ስንት ተራራ ልታፈርስ ነው?

ስለዚህ ድንጋዩን ባለበት ይተዉታል። ስድስት ጉድጓድ ዙሪያውን፣ አንድ መሃል። በዙሪያዎቹ ማሟሟያውን ያስገባሉ፣ በመሃሉ ይስባሉ። ከጎኑ ሌላ ስድስት፣ ከዚያም ሌላ፣ እንደ ማር እንጀራ እየተያያዘ ሜዳውን ይሞላል። በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ሠላሳ፣ አርባ ሜትር ብትል አትሳሳትም። ጥልቀቱ እንደ ቦታው ነው፤ መቶም አለ፣ ብዙ መቶ ሜትርም አለ።

አንዷን ነገር ያዝ፦ ሁልጊዜ ካስገቡት ትንሽ አስበልጠው ይስባሉ። መቶ ሊትር ካስገቡ መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት ያወጣሉ። እንደዚያ ሲሆን ዙሪያ ያለው ውሃ ወደ መሃል ያዘነብላል እንጂ መድኃኒቱ ወደ ውጭ አይሄድም። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው።

የኬሚስትሪ_እቴጌ፦
ጋሼ ሪግ ቧንቧውን አስረዱ፣ እኔ ውስጡን ልጨምር።

ዩራኒየም ሁለት ጠባይ አለው። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ውሃ አይበግረውም፣ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ኦክስጅን ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጥና ይሟሟል። ክምችቱ መጀመሪያም የተፈጠረው በዚሁ ነው። ከላይ የገባ ኦክስጅን ያለው ውሃ ዩራኒየሙን ከአለት አጥቦ ይዞት በአሸዋው ውስጥ ሲጓዝ፣ የበሰበሰ እንጨት ወይም ፒራይት (ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን) ያለበት ቦታ ይደርሳል። እዚያ ኦክስጅኑ ያልቅበታል። ዩራኒየሙን እዚያው ጥሎት ያልፋል። ይህ ብዙ ሺህ፣ ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ሲደጋገም የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክምችት ይሠራል። ሰው የሚያደርገው ፊልሙን ወደ ኋላ ማጠንጠን ነው። ኦክስጅኑን ይመልስለታል።

ማሟሟያው ሁለት ዓይነት ነው። አሜሪካኖቹ ኦክስጅንና ባይካርቦኔት ይጠቀማሉ፤ የአምባሻ ማንሻዋ ሶዳ ዘመድ ማለት ነው። ካዛክስታን፣ ኡዝቤኪስታንና አውስትራሊያ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲዱ ፈጣን ነው፣ ብዙም ያወጣል። ግን ኖራ ነክ ድንጋይ የበዛበት ቦታ ዩራኒየሙን ትቶ ኖራውን ይበላና ገንዘብህን ይጨርሳል።

የሚወጣው ፈሳሽ ዓይን አይሞላም። ብታየው ውሃ ነው። በሊትር ውስጥ አሥሮች ወይም መቶዎች ሚሊግራም ዩራኒየም ቢኖረው ነው። ይህን በታንከር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ነገር) እንክብሎች መሃል ያሳልፉታል፤ ዩራኒየሙ እንክብሉ ላይ ይቀራል። ውሃው እንደገና መድኃኒት ይጨመርበትና ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ያው ውሃ ይዞራል፣ ይዞራል።

ደግሞ እንደ ቡና ነው። መጀመሪያ አቦል ይመጣል፣ ወፍራም። ከዚያ ቶና። ከዚያ በረካ። በረካው ሲቀጥን ሜዳውን ዘግተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አተላው ታች ይቀራል።

ዝም_አልልም፦
መሬት ውስጥ አሲድ ይጨምራሉ፣ እናንተ በቡና ታስረዱናላችሁ። አበስኩ ገበርኩ።

ለምን_ባይ፦
@ዝም_አልልም ቆይ እንጂ፣ ገና መቆላቱ ነው።

እህት እቴጌ፣ ያ ቢጫ ዱቄት የሚባለውስ?

የኬሚስትሪ_እቴጌ፦
ከሬዚኑ አራግፈው፣ አዝቅጠው፣ ሲያደርቁት የሚገኘው ነው። ስሙ ቢጫ ነው እንጂ በከፍተኛ ሙቀት ከደረቀ ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴም ይሆናል። በበርሜል ይታሸጋል። ጨረሩ ደካማ ነው፣ ከእሱ ይልቅ አቧራውን መሳብ ነው ሠራተኛን የሚጎዳው። ዋናው ጨረር አመንጪ ራዲየም ነው፤ እሱ አብዛኛው ከመሬት በታች ይቀራል። ይህ የዘዴው ትልቁ ጥቅም ነው፣ ላዩ ላይ የተፈጨ ድንጋይ ክምር አይተውልህም። ሬደን የሚባለው ጋዝ ግን ከፈሳሹ ጋር ይወጣል፣ ስለዚህ ፓምፕ ቤቶቹ አየር ማስወጫ ያስፈልጋቸዋል።

አሥራ_ስምንት_ጎማ፦
እኔ ቴክሳስ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ደቡብ ቴክሳስ በዚህ ሥራ ከሰባዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው አሉኝ። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን ማዕድን ማውጫ ነው ብዬ አላሰብኩም! ሜዳ ነው። ቁጥቋጦ፣ ላም፣ አጥር። አጥሩ ውስጥ ከመሬት ብቅ ብቅ ያሉ ቱቦዎች በረድፍ ቆመዋል፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ አለቀ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሬዚን ነው የሚያጓጉዘው። ከየሜዳው ዩራኒየም የያዘውን ሬዚን በታንከር ጭኖ ወደ ዋናው ፋብሪካ ያደርሳል፣ ታጥቦ ባዶውን ይመልሳል። «እንክብል አመላላሽ ነኝ» ይላል።

ታዲያ ዝም_አልልም ለምን ይቆጣል? ጉድጓድ እንጂ ገደል የለም። ጭስ የለም።

ቼክ_ተመላሽ፦
ልጄ፣ ገደል ስለሌለ አይደል እንዴ ነገሩ የሚያታልለው።

እኔ በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ቼኮዝሎቫኪያ ተምሬ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሜን ቦሄሚያ ውስጥ ስትራዥ ፖድ ራልስኬም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ ሃምር የሚባል ሐይቅ አለ፤ ልጆቼ ትንንሽ ሆነው በጋ በመጣ ቁጥር እዚያ እንወስዳቸው ነበር። ጥድ ነው፣ አሸዋ ነው፣ አይስክሬም ነው። አንድ ቀን እንጉዳይ ለቀማ ጫካ ውስጥ ገባን ብለን ከአጥር ጋር ተላተምን። ከአጥሩ ወዲያ ጥዱ በመስመር በመስመር ተቆርጦ ቱቦ ተዘርግቷል። ባለቤቴ የዚያው አገር ሰው ናት፣ ክንዴን ያዘችና «እንመለስ» አለችኝ። ለምን ብላት መንገዱን ሙሉ አልመለሰችልኝም። ያኔ ስለ ዩራኒየም ጮክ ተብሎ አይወራም፤ ምርቱ በሙሉ የሚሄደው ወደ ሶቪየት ኅብረት ነበር።

በኋላ፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ሁሉም ነገር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከ1967 እስከ 1996 እዚያ መሬት ውስጥ የገባው ሰልፈሪክ አሲድ ወደ 4 ሚሊዮን ቶን ነው። በዚያ ላይ ናይትሪክ አሲድና አሞኒያ አለ። የወጣው ዩራኒየም 15 ሺህ ቶን ገደማ። አካፍሉት። ለአንድ ኪሎ ዩራኒየም ከ260 ኪሎ በላይ አሲድ! ሦስት ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

የባሰው ግን አቀማመጡ ነበር። ከጎኑ ሃምር የሚባል መደበኛ የዋሻ ማዕድን ነበረ። ዋሻ እንዳይጥለቀለቅ ውሃው ያለማቋረጥ ይሳባል። እንግዲህ አንዱ አሲድ ያስገባል፣ ጎረቤቱ ውሃ ይስባል። አሲዱ የት ይሂድ? ወደሚሳበው ነዋ! በመሃል ውሃ እየጨመሩ የውሃ ግድግዳ ለመሥራት ሞከሩ። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ሥራ ናቸው እኮ፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው መነጋገር ይችሉ ነበር።

የተበከለው ውሃ በመቶ ሚሊዮኖች ኪዩቢክ ሜትር ነው የሚቆጠረው። ከላዩ ደግሞ ሌላ ንጹሕ፣ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ያለበት ንብርብር አለ፤ እሱ ውስጥም የገባ አለ። ከ1996 ጀምሮ ዲያሞ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ፈሳሹን እያወጣ፣ እያተነነ፣ አሉም የሚባል ጨው እያስቀረ ሲያጸዳ ይኸው አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስገቡ፣ ለማውጣት ደግሞ ያንኑ ያህል ሄዶ አላለቀም። የሚገርማችሁ ከጽዳቱ አሁንም ትንሽ ትንሽ ዩራኒየም ይገኛል።

ሐይቁ ላይ ሰው ዛሬም ይዋኛል። እኛም የልጅ ልጆች ይዘን እንሄዳለን።

ዝም_አልልም፦
አባቴ እድሜ ይስጥልኝ። እኔ ስጮህ አንድ ቃል፣ እርስዎ ሲናገሩ ሙሉ ፋይል።

የኬሚስትሪ_እቴጌ፦
ጋሼ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ስትራዥን እኔም ለተማሪዎቼ አነሳዋለሁ። ግን ከዚያ ተነስቶ ዘዴው በሙሉ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም። ያኔ የወጪም የአካባቢም ጥያቄ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ከሞስኮ ቶን ብቻ ነበር የሚጠየቀው። ዛሬ አሲድ በራሱ ዋጋ ስለሆነ ማንም እንደዚያ አያፈስም። ካዛክስታንን እዩ። ከዓለም ዩራኒየም 40 በመቶ ገደማ የሚያመርተው እሱ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በዚህ ዘዴ። ካዝአቶምፕሮም የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ በ2024 የምርት እቅዱን ዝቅ ያደረገው አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ? የሰልፈሪክ አሲድ እጥረት። የማዳበሪያ ፋብሪካዎችም ያንኑ አሲድ ይፈልጋሉ። ልክ በዚያው ጥር ወር የአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ዩራኒየም ዋጋ ከ100 ዶላር አልፎ ነበር። ገበያው ተቀምጦ እየጠበቀ፣ አሲድ የለም።

ለምን_ባይ፦
ካዛክስታንስ ውሃውን ያጸዳሉ?

የኬሚስትሪ_እቴጌ፦
አሜሪካ እንደሚደረገው አይደለም። እዚያ ያለው አካሄድ ውሃው ከጊዜ ጋር ራሱን ይመልሳል የሚል ነው። አሲዱ ከድንጋዩ ጋር እየተዋሃደ ይደክማል፣ ብረታ ብረቱም መልሶ ይዘቅጣል። ይህ በተወሰነ ደረጃ እውነት ነው። ማዕድኑ ያለበት ውሃም ብዙ ቦታ ቀድሞም ጨዋማ ነው፣ ሰው አይጠጣውም። አውስትራሊያ ቤቨርሊ የሚባለው የዩራኒየም ማዕድን ላይም ክርክሩ ይኸው ነበር፦ ውሃው በጨው የተበላሸ ስለሆነ ለማንም አይሆንም።

ግን «አይሆንም» ያለው ማን ነው፣ ለስንት ዓመት ነው የሚለው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ከዝም_አልልም ጋር እስማማለሁ፣ ምን ይደረግ።

አሥራ_ስምንት_ጎማ፦
ቴክሳስ ግን ሲጨርሱ ውሃውን ወደነበረበት ይመልሳሉ ተብሎ ሕግ አለ። ያ ባልደረባዬ ነው የነገረኝ።

ሪግ_በላይ፦
ሕጉ አለ። ቆሻሻውን ውሃ ይስባሉ፣ በማጣሪያ ያሳልፉታል፣ ንጹሑን መልሰው ይጨምራሉ። ይህን ደጋግመው ነው የሚያደርጉት። ግን የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በ2009 የደቡብ ቴክሳስን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ የመጨረሻ ውጤታቸው ከተገኘላቸው ሜዳዎች መካከል እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ወደ መነሻው የመለሰ አንድም አላገኘም። አንዱ ዩራኒየሙ ይቀረዋል፣ አንዱ ሌላ ነገር። ከዚያ ኩባንያው ውሃውን ሊመልስበት የሚገባውን ደረጃ እንዲያላሉለት ያመለክታል፣ ይፈቀድለታል። ፈተና ወድቆ ማለፊያ ነጥቡን ማስቀነስ በለው።

በእርግጥ እዚያ ማዕድኑ ባለበት ቦታ ውሃው ከመጀመሪያውም ዩራኒየምና ራዲየም ነበረው፣ ለመጠጥ አይመከርም። እሱም እውነት ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ኬሚስትሪው አይደለም። ሸክላው ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ መንደር ቆፈርን። ከላይ ጨዋማ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ። ከታች ደህና ውሃ። በመሃል አሥራ አራት ሜትር ሸክላ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ኬዚንጉን ካወረድክ በኋላ ከኬዚንጉና ከመሬቱ መሃል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ከታች ወደ ላይ አፍነህ መሙላት። የተቋራጩን ስም አልጠራም፤ ቸኩሎ ነበር። ሌላ ሳይት ይጠብቀዋል። ሲሚንቶው ከላይ በባልዲ ተደፋ። የዚያን ቀን እኔ ነበርኩ፣ አየሁ፣ ተናገርኩ፣ ግን አላስቆምኩም። ፓምፕ ቴስቱ አለፈ። ውሃው እንደ መስተዋት ነው። ርክክቡ ላይ በግ ታረደልን።

ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ አንዲት እናት ከቦኖው በጆግ ቀድተው ሰጡኝ። ምንም አላሉኝም። «ቅመሰው» ብቻ። ጨው ጨው ይላል። ተፈጥሮ ያንን ሸክላ ለማንጠፍ ስንት ሺህ ዓመት እንደፈጀባት እንጃ፣ እኛ በአንድ ቀዳዳ ሻርነው።

አንድ ጉድጓድ ነው ያ። ዩራኒየም ሜዳ ላይ ሺህ ጉድጓድ፣ ብዙ ሺህ ጉድጓድ ነው በሸክላው የሚያልፈው። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ኬዚንግ በየአምስት ዓመቱ በግፊት ይፈተሻል፤ ያንጠባጥብ እንደሆነ ይታያል። ጥሩ ነው። እኔ የማስበው ፈታሹን ነው። ቸኩሎ ከሆነስ?

ቼክ_ተመላሽ፦
ስትራዥም ወደ ላይኛው ውሃ የገባው ገሚሱ በተበላሸ ኬዚንግ ነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀህ አገኘኸው ልጄ።

ለምን_ባይ፦
ጋሼ፣ ከዚያ ይበልጣል ርቀቱ 😄

ቼክ_ተመላሽ፦
ሒሳቡን ተወው፣ ጨዋታውን ያዝ።

ቀይ_አሸዋ፦
ክሩን ከመጀመሪያ ሳነብ ነው ያመሸሁት። እኔ ናሚቢያ፣ ዊንድሁክ ነው የምሠራው። ይህ ነገር እዚህ የሳይንስ ጥያቄ አይደለም፣ ሰው የሚጣላበት ነው።

ናሚቢያ ዩራኒየም አዲሷ አይደለም፤ ሮሲንግና ሁሳብ የሚባሉ ግዙፍ የገጽ ቁፋሮዎች በረሃው ላይ አሉ። አሁን ያለው ጭቅጭቅ ግን በምሥራቅ በኩል፣ ካላሃሪ ዳር፣ ሊዮናርድቪል አካባቢ ነው። የሮሳቶም ቅርንጫፍ የሆነ ሄድስፕሪንግ የሚባል ኩባንያ በዚህ በምታወሩት ዘዴ ልሥራ ብሎ ፍለጋ ቆፈረ። ችግሩ ዩራኒየሙ የተገኘው ስታምፕሪት በሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ መሆኑ ነው። ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ ይጋሩታል። እዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ገበሬው፣ ከብቱ፣ ከተማው፣ ሁሉም የሚጠጣው ያንን ነው።

በ2021 የውሃ ሚኒስቴሩ የቁፋሮ ፈቃዱን ሰረዘ፣ የተሰጠውን ግዴታ አልጠበቀም ብሎ። ኩባንያው ዘዴው ዓለም ላይ የተፈተነ ነው፣ ማዕድኑ ያለበት ቦታ ብቻ ነው የሚነካው ይላል። ለመንደሮቹም ብዙ ነገር ያደርጋል። ሥራ አጥ ወጣት ደግሞ ሥራ ይፈልጋል፣ እሱን ማን ይወቅሰዋል?

አንድ ጊዜ በዚያ አልፌ ነበር። ቀይ አሸዋ፣ ቀይ አሸዋ፣ ቀይ አሸዋ፣ ከዚያ ድንገት አረንጓዴ አልፋልፋ። አንዳንድ ቦታ ጉድጓዱ ፓምፕ የለውም፣ ውሃው በራሱ ግፊት ነው የሚወጣው። ገበሬው ቫልቩን ከፍቶ አሳየኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዘጋው። «ለእንግዳ አንድ ደቂቃ ነው» አለኝ።

ጋሼ ሪግ፣ እንደዚህ በራሱ የሚወጣ ውሃ ላይ ያ «አስበልጦ መሳብ» ያሉት ይሠራል?

ሪግ_በላይ፦
ይሠራል፣ ግን ከባድ ነው። በራሱ የሚወጣ ውሃ ማለት ታፍኖ ግፊት አለው ማለት ነው። በደንብ ያልታሸገ አሮጌ ጉድጓድ ካለ የታችኛው ውሃ ራሱን ችሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፓምፕ አይጠይቅም። የገበሬ ጉድጓድ ደግሞ ስንቱ ነው መዝገብ ያለው? አያቱ የቆፈሩት፣ ኬዚንጉ የዛገ፣ የት እንዳለ የተረሳ አለ። ማውጣት ከመጀመሩ በፊት እነሱ ሁሉ ተፈልገው መደፈን አለባቸው። ገበሬውም በየእርሻው ይስባል፤ ስትራዥ ላይ የዋሻው ማዕድን ያደረገውን ማለት ነው፣ በትንሹ።

ካዛክስታን ላይ ጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ እኔም ተው አልልም። ብቸኛ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ግን እኔ ሪጉን ይዤ አልሄድም። ይህ የኔ ሐሳብ ነው፣ ማንም አይስማማበት።

የኬሚስትሪ_እቴጌ፦
እኔ እስማማለሁ። አሸዋው፣ ሸክላው፣ ውሃው ሦስቱም ካልገጠሙ ዘዴው ቢቀር ይሻላል። ብዙ ሰው «እኛስ አገር አለ ወይ?» ብሎ በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። አንድ ድንጋይ ላይ መሣሪያ ጢጥ ስላለ ክምችት አይባልም። እኛ አገር ከዚህ ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ነገር የታሰበው ዳሎል ላይ ነው፣ ፖታሽን መሬት ውስጥ በውሃ አሟሙቶ ለማውጣት። እሱ ጨው ነው፣ ሌላ ታሪክ ነው።

ዝም_አልልም፦
እኔ ዛሬ ዝም ብያለሁ። መዝግቡልኝ።

አሥራ_ስምንት_ጎማ፦
ዛሬ በዚያ መንገድ ስለማልፍ ቆሜ አየሁላችሁ። አጥሩ ውስጥ አልገባሁም፣ አትስጉ። ከቱቦዎቹ ረድፍ ወጣ ብሎ፣ ለብቻው የቆመ አንድ ነጭ ቱቦ አለ። ክዳን አለው፣ ቁልፍ አለው። ላም ጀርባዋን ታክበታለች። ምንድን ነው እሱ?

ሪግ_በላይ፦
የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ከሜዳው አምልጦ እንደሆነ ከእሱ ናሙና እየቀዱ ነው የሚያዩት። ቴክሳስ ውስጥ ከሜዳው ከ400 ጫማ በላይ መራቅ የለበትም፣ 120 ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ዩራኒየሙ አይደለም፣ እንደ ክሎራይድ ያለ ፈጥኖ የሚጓዝ ነገር ነው። ጨው ማለት ነው።

አሥራ_ስምንት_ጎማ፦
በግምት ሰባ እርምጃ ነው። የኔ እርምጃ ረጅም ነው ደግሞ።

ሪግ_በላይ፦
እሺ፣ እንግዲያው ልኩ ላይ ነው። ቁልፉ ዝጓል ወይስ አዲስ ነው?

አሥራ_ስምንት_ጎማ፦
ያብረቀርቃል። በቅርቡ የተከፈተ ይመስላል።

ሪግ_በላይ፦
ጎሽ።